እንግዳው ጎንደር ስንት ሌሊት ያድራል? ገንዘቡስ ማን ጋ ይቀራል?

የቀሃ ልጅ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ።

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዘንድሮ ስንት እንግዳ ይመጣል? እኔ የምሠራው በአንድ መካከለኛ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ነው። ደረሰኝና ደብተር ሳገላብጥ የምውል ሰው ስለሆንኩ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የመጣው እንግዳ ስንት ሌሊት አደረ? ከከፈለው ብር ስንቱ እዚሁ ከተማ ቀረ? ይህን ሳንመልስ የእንግዳ ቁጥር ብቻ ብንቆጥር ራሳችንን ነው የምናታልለው።

ደጉን ዘመን አስታውሱ። የውጭ አገር ሰው በሰሜኑ መስመር ይመጣል፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሰሜን ተራሮች፣ አክሱም፣ ላሊበላ። ከዚህ ሁሉ የጎንደር ድርሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት ነበር። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከሰዓት የፋሲል መዋኛና ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ሲመሽ ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ማየት፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ ደባርቅ። እንግዳው ጥቅሉን የከፈለው ገና ከአገሩ ሳይነሳ ነው። መኪናው ከአዲስ አበባ፣ ሹፌሩ ከአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ አስጎብኚውም ከአዲስ አበባ። ለእኛ የሚደርሰን በውል የተቀነሰ የአልጋ ዋጋ፣ አንድ እራት፣ አንድ ቁርስ፣ የግቢው መግቢያና የሰው ጉርሻ።

ሆቴሉ የተከፈለው ብር ደግሞ እዚያው አያድርም። የቁርሱ ማርማላታ፣ የታሸገው ጭማቂ፣ ሳሙናው፣ አንሶላው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሳይቀር በጭነት መኪና ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ደንቢያ ጤፉና ሽምብራው፣ ጣና ዓሣው፣ ፎገራ ከብቱና ሩዙ አጠገባችን እያለ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አልፎ ሄደ፤ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወደደ። የቁርስ ገበታው ላይ ማርማላታውን በማር መተካት የቻልነው ያን ጊዜ፣ ችግር አስገድዶን ነው። እንግዳው ወደደው። ከመጀመሪያው ለምን አላደረግነውም?

ከደጉ ዘመን በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም መጋቢት ኮቪድ፣ በ2013 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2015 ክረምት ደግሞ እዚሁ ክልላችን ውስጥ የተነሳው ግጭት። ኤምባሲዎች «ወደ አማራ ክልል አትሂዱ» ሲሉ የጉዞ ኢንሹራንሱ አብሮ ይቆረጣል፤ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው ይዞ የሚመጣ ድርጅት የለም። ስለዚህ ፈረንጁ ቀረ፤ አሁን ያለን የአገር ውስጥ እንግዳና ዳያስፖራው ነው። ይህን እንግዳ እንደ ምትክ ሳይሆን እንደ ዋና እንግዳ ይዘን እንዴት ሁለት፣ ሦስት ሌሊት እናሳድረው? በየሙያችሁ የምታውቁትን ጻፉ። ፖለቲካውን ለሌላ ክር እንተወው።

---

አራዳ ገበያ

ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ፈቃድ ያለኝ፣ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ።

አንድ ሌሊት የሚሆነው ጎንደር የሚያሳየው ስላጣ አይደለም። መርሐ ግብሩን የሚጽፈው ሰው ጎንደርን በግማሽ ቀን የሚያልቅ ከተማ አድርጎ ስለጻፈው ነው። ቁስቋም ስንት ሰው ይወጣል? እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ሳለ የተቀመጠበት ግቢ፣ ከተማው ሁሉ ከሥር የሚታይበት ቦታ። በጥቅሉ ውስጥ የለም። ወለቃ ከከተማ ወጣ እንዳልክ ነው፤ ቤተ እስራኤል የኖሩበት፣ የሸክላ ሥራው አሁንም ያለበት። መኪናው ወደ ደባርቅ ሲያልፍ አሥር ደቂቃ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል።

ፋሲል ግቢ ራሱ በአንድ ሰዓት ሲያልቅ ሆዴ ያራል። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም ቆረቆሩ ብለህ ጀምረህ የፋሲልን ግንብ፣ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የአፄ ኢያሱን ግንብ፣ የበካፋን፣ የምንትዋብን፣ የአንበሶቹን ቤት እያልክ ብትሄድ እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ ለምን የለም ብሎ የጠየቀኝ እንግዳ፣ በጣሊያን ጊዜ እንግሊዞች ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድቡ እንደተጎዳ ስነግረው ቁጭ ብሎ ሌላ ሰዓት ሲያወራኝ ውሏል። ሹፌሩ ግን ደጅ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል።

ስለ መጥፎዎቹ ዓመታት አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ክረምት በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እንግዳ ኢሜይል ይልካል፣ መልስ የለም፤ «ይሄ ሰው ሥራ አቁሟል» ብሎ ይሄዳል። ሥራ ባጣንበት ሰዓት የነበሩንን ደንበኞችም አጣን። ከእኛ መሃል ባጃጅ የያዘ አለ፣ ወደ መተማ ወርዶ የቀን ሥራ የሠራ አለ፣ አዲስ አበባ የገባ አለ። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ታሪክ ያነበበ ሰው ነው የተበተነው። ነገ ሰላም ቢሆን ግንቡ አለ፤ የሚያስጎበኘው ሰው ግን እንደ ግንቡ ቆሞ አይጠብቅም።

---

ወስፌ

ሰላም። እኔ ብዙ ሒሳብ አላውቅም፤ የማውቀውን ልናገር።

እናቴ ስፌት ሰፍታ ነው ያሳደገችን። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ከገጠር ሴቶች ትገዛለች፤ ስንደዶውን ሰንጥቃ፣ በቀለም ነክራ አለላ ታደርገዋለች፣ ታደርቀዋለች። ከዚያ በወስፌ እየበሳች አንድ በአንድ ትጠመጥማለች። ቀለሙ እንዳይለቅ ስትፈትሽ ሳሩን በእርጥብ ጨርቅ ታሻዋለች፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከቀረ ያን እስር አትሰፋበትም፣ ለጀበና ማስቀመጫ ታደርገዋለች። ትልቅ ሞሰብ ወር ሙሉ ይፈጃል።

ያን ሞሰብ ፒያሳ አካባቢ ያለ ነጋዴ ይወስደዋል። ቱሪስቱ ከፍሎ ከሚሄደው እናቴ ጋ የሚደርሰው ትንሹ ነው። ነጋዴውን ክፉ ለማለት አይደለም፤ እሱም ኪራይ አለበት፣ ሹፌር ሰው ሲያመጣለት ኮሚሽን ይሰጣል። ነገር ግን እናቴ ሞሰቧን የገዛ ሰው ፊት አይታ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ አንዲት ዳያስፖራ ቤት ድረስ መጥታ አብራት ተቀምጣ ስትሰፋ ዋለች፤ ቡና ጠጣች፣ ምሳ በላች፣ ሦስት ሌማት ገዝታ ሄደች። ያን ቀን እናቴ ያገኘችው ከነጋዴው በብዙ ወር የምታገኘውን ነው።

የቀሃ ልጅ፣ ሌሊት እንዴት ይጨመር ላልከው የእኔ መልስ ይሄ ነው። ተቀምጦ የሚማረው ነገር ያለው ሰው ቶሎ አይሄድም። ለአንድ ቀን ስፌት፣ ለአንድ ቀን ሸክላ የሚቀበል ቤት በየሰፈሩ ቢኖርና ሆቴሎች ቢያውቁት የእናቴ ቢጤዎች ብዙ ናቸው።

---

የቀሃ ልጅ

ወስፌ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሰፈራችሁን እዚህ አትጻፊ፤ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሆቴላችን እንግዳ መቀበያው ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የያዘ ወረቀት እንዲኖር እጠይቃለሁ፤ ያለ ኮሚሽን።

---

ማራኪ ካምፓስ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችንም ቱሪዝም ቱሪዝም እንላለን፤ ጎንደርን ያቆማት ግን እሱ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ፈረንጅ ሳይመጣ ከተማዋ እንዴት ኖረች? ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥ አለ፤ ነጋዴው፣ ጫኝ አውራጁ፣ መጋዘኑ። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ በ1947 ዓ.ም በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ፣ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ተማሪና ሠራተኛ የያዘ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ከየወረዳው ሰው የሚያመጣ። ቢራ ፋብሪካው አለ። ተማሪ ቤት ይከራያል፣ ሽሮ ይበላል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ በየቀኑ፣ ዘጠኝና አሥር ወር ሙሉ። ብሩ ትንሽ ነው፤ ግን አይቋረጥም።

ቱሪዝም ጥይት ሲጮህ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው፤ ሲረጋጋ ደግሞ የመጨረሻው ተመላሽ። ወጣቱን ሁሉ በሆቴልና በአስጎብኚነት አሠልጥነን፣ ብድር አስወስደን፣ ሕንፃ አስገንብተን መጨረሻው ይሄ ሆነ። በብድር የተሠሩ ፔንሲዮኖች ባንክ ወለድ ሲቆጥርባቸው እያየን ነው። ከዚህ ትምህርት ሳንወስድ «ሌሊት እንጨምር» ማለት አልገባኝም።

---

የቀሃ ልጅ

ማራኪ ካምፓስ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ ወለዱም እውነት ነው። ግን ያነሳሃቸው ነገሮች የቱሪዝም ተቃራኒ አይደሉም። ሆስፒታል አስታማሚ ይዞ የመጣው ሰው አልጋ ይይዛል። ልጁን ለማስመረቅ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤተሰብ አልጋ ይይዛል፤ በምረቃ ሰሞን ሆቴላችን ባዶ ክፍል የለውም። ያ ቤተሰብ ጎንደር መጥቶ ፋሲል ግቢን ሳያይ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ማንም «ነገም ቆዩ፣ ይሄን እዩ» አላለውማ! ለእኔ ቱሪስት ማለት ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ብቻ አይደለም። የተመራቂ አባት ቱሪስት ነው፤ ኢንሹራንስም፣ የኤምባሲ ማስጠንቀቂያም አያስቀረውም።

---

ደባርቅ በር

ከደባርቅ ነኝ። እናንተ ጎንደር ሆናችሁ «እንግዳው ወደ ደባርቅ አለፈ» ስትሉ እኛ ጋ የሚቀር ይመስላችኋል። እኛም እንደናንተው ነን። ምግቡን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ጭኖ ይመጣል፣ ድንኳኑን ጭኖ ይመጣል። ለእኛ የቀረው የስካውት (የአጃቢ ጠባቂ)፣ የበቅሎና የኩክ (የምግብ አብሳይ) ክፍያ ነው።

ግን አንድ ልዩነት አለ። በቅሎው በተራ ነው። ተራህ ሲደርስ ተራራው ላይ ካሉት ማደሪያዎች፣ ከሰንቃበር እስከ ግጭ፣ እስከ ጨነቅ ትጭናለህ፤ ሲያልቅ ለሌላው ትለቃለህ። ብሩ ለአንድ ሀብታም አይገባም፣ ገበሬው ጋ ይበተናል። ከበቅሎ በሚገኝ ገንዘብ ልጅ ያስተማረ፣ ቆርቆሮ ያለበሰ ብዙ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያው እንዲተርፍ ግጦሽ የቀረበት፣ ከግጭ የተነሳ ሰው አለ። በእንግዳው ገንዘብ እንካሳለን ብሎ ነው የተነሳው። እንግዳ ሲጠፋ ያ ሰው ምን ይብላ? ጦርነቱም እዚሁ ደጃችን ደርሶ ነበር፤ በቅሎውን የሸጠ ብዙ ነው።

ጎንደሮች፣ ከእኛ ጋር ተነጋገሩ። ቅዳሜና እሁድ ከጎንደር መጥቶ ሰንቃበር አድሮ ጭላዳ አይቶ የሚመለስ ያገር ሰው በጣም ጥቂት ነው። እስከ ደባርቅ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰላም በሆነ ቀን የጎንደር ሆቴልና የእኛ በቅሎ በአንድ ዋጋ ቢሸጡ ሁለታችንም ሌሊት እናገኛለን።

---

ሩቅ አገር

ሰሜን አሜሪካ ነው የምኖረው። ለጥምቀት ስመጣ ያጋጠመኝን ልጻፍ፤ ለማማረር ሳይሆን እንዲስተካከል ስለምመኝ ነው።

በስልክ የያዝነው ክፍል ከተራ ዕለት ስንደርስ ዋጋው በእጥፍ ጨምሮ ጠበቀን። «ወይ ክፈሉ ወይ ሌላ ቦታ ፈልጉ» ተባልን። እናቴ አብራኝ ነበረች፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ከፈልን። ሆቴሉን አልጠራም። ከዓመት ዓመት የምመኘው በዓል ነበር፤ ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላ ግን ጓዛችንን ሸክፈን ሄድን። ቢያንስ አንድ ሳምንት ልንቆይ አስበን ነበር። እንግዲህ ያ ሆቴል በሁለት ሌሊት ያተረፈውን ከተማው በአምስት ሌሊት አጣው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ይሄን ወሬ የማይናገር የለም።

---

ባጃጅ 3ኛ ፈረቃ

እህቴ ይቅርታ፣ ከኛም አለ። ከአዘዞ ኤርፖርት ፒያሳ ድረስ በጥምቀት ሰሞን የሚጠየቀውን ሳስበው ያሳፍራል። ታሪፍ ተለጥፎ፣ ለበዓል ጭማሪውም አብሮ ተጽፎ ቢቀመጥ አብዛኛው ሹፌር ይስማማል። የሚያጣላን ያልተጻፈው ነው።

---

ኖራ

ግንበኛ ነኝ። ስለ ቱሪዝም ገንዘብ ስታወሩ ቅርሱን ራሱን የሚጠግነውን እጅ ማንም ስላላነሳ ነው የገባሁት።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ የተገነባው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከእሳት የወጣውን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ትጥለዋለህ፣ ይፈላል፣ ይፈርሳል፤ ከዚያ በውሃ ሸፍነህ ለረጅም ጊዜ ታሳድረዋለህ። በጣትህ ስትይዘው እንደ ቅቤ ካላለ አልደረሰም። ሲሚንቶ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይልጠዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል። በድሮ ጊዜ በሲሚንቶ የተለጠፈ ቦታ ሁሉ በኋላ ተፍቆ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

በቅርቡ በግቢው ውስጥ የተካሄደው እድሳት ለብዙ የእጅ ባለሙያ እንጀራ ሆኗል። የጥገና ብር ደግሞ ከከተማ አይወጣም። ድንጋዩ ከዚሁ፣ ጉልበቱ ከዚሁ፣ የምሳው እንጀራ ከዚሁ። እንግዳ ኖረም አልኖረም ግንቡ በየክረምቱ ሣር ያበቅላል፣ ውሃ ያስገባል። እድሳት ተመርቆ ባለሙያው ከሚበተን ከመግቢያ ቲኬቱ የተወሰነው ለቋሚ ጥገና ተመድቦ፣ ዓመት ሙሉ የሚሠራ አነስተኛ ቡድን ቢኖር ሙያውም ይወረሳል። ልጆች እየመጡ ኖራ ሲቦካ ማየት ይወዳሉ፤ እንግዳም ይወዳል።

---

አራዳ ገበያ

ኖራ፣ ያልከውን እኔም ለእንግዳ እነግራለሁ፤ ሠራተኛው ሲሠራ ቢያዩት ግን የእኔ ወሬ አያስፈልግም ነበር።

ሩቅ አገር ባነሳችው ላይ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2012 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት፣ ጥር 11 ጠዋት፣ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር የቆመው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። ያን ቀን እዚያ ነበርኩ፣ ዝርዝሩን አልጽፍም። ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቦታ ሲጠራቀም የሚመጣ አደጋ ነው። እንግዳውን በብዙ ቀን መበተን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

---

የቀሃ ልጅ

አራዳ ገበያ ያለው ትልቅ ነገር ነው። እስኪ የጥርን ወር ተመልከቱ። ጥር 7 ሥላሴ ናት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትነግሣለች፣ ከጥምቀት አራት ቀን ቀድማ። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። ጥር 18 ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዓል እያለን የምንሸጠው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ጥር 9 ማታ የሚገባው ሰው ጥር 6 ቢገባ ደብረ ብርሃን ሥላሴን በንግሡ ቀን ያያል። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች በጸጥታ ቀን ማየት አንድ ነገር ነው፤ በማኅሌት ሌሊት፣ ጧፉ በርቶ፣ ካህናቱ ሲወርቡ ማየት ሌላ ነው። ጥር 8 ቁስቋምና ወለቃ። ጥር 9 ከወስፌ እናት ጋር ስፌት፣ ወይም መንገዱ ሰላም ከሆነ ጎርጎራ ወርዶ ጣናን አይቶ መመለስ። ከበዓሉ በኋላ ለጉልበተኛው ሰሜን ተራሮች።

ከጥር ውጭም ኅዳር 6 ቁስቋም አለች፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ደግሞ በራሱ ወቅት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በእኛ ሆቴል ለአለቃዬ በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ ይሄ ነው፦ ከጥር 6 እስከ 13 በሙሉ የሚያድር ሰው በመደበኛው ዋጋ ያድራል፤ የበዓል ጭማሪ የሚከፍለው ለሁለት ሌሊት ብቻ የሚመጣ ነው፤ ጭማሪውም ሲያዝ ይነገራል፣ ሲደርስ አይቀየርም። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በእጥፍ ዋጋ ሁለት ሌሊት ከመሸጥ በመደበኛ ዋጋ ሰባት ሌሊት መሸጥ ለሆቴሉም ይበልጣል። ለአስተናጋጇ የሰባት ቀን ጉርሻ ነው፣ ለባጃጁ የሰባት ቀን ምልልስ ነው፣ ለጤፍ ሻጩ የሰባት ቀን እንጀራ ነው።

---

ማራኪ ካምፓስ

ይሄኛው ገባኝ። አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም፣ አዲስ ብድርም አያስፈልገውም፤ ያለውን አልጋ መሙላት ነው። ቱሪዝም ማኔጅመንት የሚማሩ ልጆች ዲፓርትመንታችን ውስጥ አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲጨነቁ ነው የማያቸው። ሆቴሎች ፈቃደኛ ከሆኑ እንግዳው ስንት ሌሊት እንዳደረና ብሩን በምን በምን እንዳወጣ በመጠይቅ ሊሰበስቡልን ይችላሉ። ያን ጊዜ በግምት አንከራከርም።

---

ሩቅ አገር

የቀሃ ልጅ፣ አለቃህ ከተስማማ ከጥር 6 እስከ 13 ሁለት ክፍል ያዝልኝ። አንዱ ምድር ቤት ይሁን፣ ለእናቴ ደረጃ የለበትም። ወስፌ፣ እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ እኔና እህቴ ጥር 9 እንመጣለን።

---

ወስፌ

እናቴ እሺ ብላለች፤ አስቀድማችሁ ግን ስንት እንደሆናችሁ ንገሩኝ፣ ስንደዶው ከመስከረም ከጥቅምት ነው የሚገዛው። ከዚያ በኋላ ጥሩው አይገኝም።